ሁለት ባትሪ ከቀየርኩ በኋላ ያገኘሁት ኤሌክትሪሺያን

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምጽፈው እዚህ ሰሜን ቨርጂንያ ለምትኖሩ፣ በተለይ እንደኔ አሮጌ ፒክአፕ ይዛችሁ ዕቃ በማመላለስና ቤት ቀለም በመቀባት ለምትተዳደሩ ነው። ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ግን «ጎበዝ ባለሙያ ነው፣ እግዜር ይስጠው» ብዬ ባልፍ ማንንም ስለማይጠቅም ምን እንደሠራልኝ ከሥሩ ልንገራችሁ።

መኪናዬ የ2004 ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500 ናት፣ 5.3 ሊትር ቪ8። በሞተሯ እስካሁን አላማርርም። የፍጥነት መለኪያዋ ቆማ እያለች 40 ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ የዚያ ዘመን ሲልቨራዶዎች የሚታወቁበት ሌላ በሽታ ስለሆነ ተላምደን እንኖራለን። ይኼኛው ጣጣ የጀመረው ከታንክስጊቪንግ በኋላ ነው። ቁልፉን ነቅዬ፣ በር ከፍቼ ወርጄ ሬዲዮው ዝም አይልም። በሩ ሲከፈት መጥፋት ነበረበት። ቀጥሎ የጣሪያ መብራቱ አልጠፋ አለ። አንድ ሌሊት ደግሞ ከውጭ ቸክ ቸክ የሚል ድምፅ ሰምቼ ሌባ መስሎኝ በካልሲ ወጣሁ። ማንም የለም። በሮቿ ራሳቸው እየተቆለፉ ራሳቸው ይከፈታሉ። ባለቤቴ ከኋላዬ ጋቢዋን ተከናንባ ቆማ «እሷን እንኳን ጠበል ነው የሚሻላት» አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው፤ እኔ ግን እየዋለ ሲያድር ሳላስበው አልቀረሁም።

ከዚያ ባትሪው መሞት ጀመረ። ዓርብ ማታ አቆማታለሁ፣ ሰኞ ማለዳ ቁልፉን ሳዞር ጭጭ። አንዱ ጋራዥ «ባትሪ ነው» አለኝ፣ ቀየርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነች። ሌላው «ዲናሞው አይሞላም» አለኝ፣ ዲናሞ አስቀየርኩ፤ «ባትሪውንም ገድሎታል» ተብዬ ሁለተኛ ባትሪ ጨመርኩ። እስከዚህ 800 ዶላር ወጥቷል። ሦስተኛው ዘንድ ስሄድ ሰውዬው ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት «ኮምፒውተሯ ነው፣ 1,400» አለኝ። የቱ ኮምፒውተር እንደሆነ ብጠይቀው «ኮምፒውተሯ» ብሎ ደገመልኝ።

ልሸጣት ወስኜ ሳለ አብሮኝ ቀለም የሚሠራ ልጅ ስፕሪንግፊልድ በኩል አንድ አበሻ የመኪና ኤሌክትሪሺያን እንዳለ ነገረኝ። ሄድኩ። አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ዝምተኛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው። ታሪኬን ሳያቋርጠኝ ሰማና «ጋሼ፣ ዛሬ ምንም ነገር አልቀይርልዎትም። ዛሬ እለካለሁ» አለኝ።

አለካኩን ልብ በሉልኝ። ኮፈኑን ከፈተ። የሾፌሩን በር ክፍት ትቶ በሩ ጎን ላይ ያለውን መቆለፊያ በጠመንጃ መፍቻ ጠቅ አድርጎ ዘጋው፤ መኪናዋ በሯ የተዘጋ እንዲመስላት ነው። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ነቀለና በሽቦውና በባትሪው መካከል መለኪያውን አስገባ። «አሁን ማንም እንዳይነካት» ብሎ ሻይ ሊያፈላ ገባ። እኔማ ተናድጄ ነበር፤ ሰው ሥራ ፈትቶ ሻይ ይጠጣል? ለካ መኪና እንደቆመች አትተኛም። ውስጧ ያሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ እስኪያንቀላፉ ድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ በፊት የተለካ ልክ ውሸት ነው። ያለፉት ሦስት ጋራዦች አንዳቸውም ግማሽ ሰዓት አልሰጧትም።

ተመልሰን ስናይ መለኪያው 0.8 አምፔር ይላል። ጤነኛ መኪና ተኝታ ከ0.05 በላይ መውሰድ የለባትም አለኝ። የባትሪ ካርቶን ቀዶ በእርሳስ አሰላልኝ፦ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ማለዳ 60 ሰዓት፣ 60 በ0.8 ሲባዛ 48 አምፔር-ሰዓት። «ባትሪዎ ሞልቶ ቢይዝ 70 ነው። በዚህ ብርድ የተረፈው 22 ይህን ቪ8 አያስነሳልዎትም።» ሁለት ወር ሙሉ እንቆቅልሽ የሆነብኝ ነገር በካርቶን ቁራጭ ላይ አለቀ።

ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ እየመለሰ ቁጥሩን እንዳይ አዘዘኝ። አንዷን ሲነቅል 0.8 የነበረው 0.03 ሆነ። «ይቺ የምትመግበው ቦዲ ኮንትሮል ሞጁሉን ነው» አለ። ሞተሩን የሚመራው ኮምፒውተር ሌላ ነው፤ ይኼኛውን የግቢ ዘበኛ በሉት። በር የሚቆልፈው፣ የውስጥ መብራት የሚያጠፋው፣ ቁልፍ ስትረሱ የሚጮኸው፣ የሌባ መከላከያውን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሁሉ ሲተኛ እሱም መተኛት አለበት። የኔ ዘበኛ እንቅልፍ አጥቶ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ያድራል፣ መብራቱን በኔ ባትሪ እያስቆጠረ።

ሞጁሉ ያለው ከመሪው ሥር፣ ጉልበት ፊት ለፊት ካለው ፕላስቲክ ጀርባ ነው። ፈቶ ሲያወጣው የመሰኪያው ጥርሶች ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል። እኔ ብሆን «በቃ ተገኘ» ብዬ ወደ መግዛቱ እሮጥ ነበር። እሱ ግን ሞጁሉን እያገላበጠ «ውሃ ከየት መጣ?» ይላል ለራሱ። ባትሪ መብራት አስይዞ ጋቢና ውስጥ አጎነበሰኝና ከውጭ የፊት መስታወቱ ማዕዘን ላይ በጠርሙስ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ አንዲት ጠብታ በሾፌሩ በኩል ባለው ቋሚ ውስጥ ለውስጥ ወርዳ ጫማዬ ላይ ጠብ አለች። መስታወቱ ከሁለት ዓመት በፊት ተሰንጥቆ ተቀይሮልኝ ነበር፤ የቀየሩት ሰዎች ማጣበቂያውን ማዕዘኑ ላይ አሳስተውታል። «ሞጁሉን ብቻ ቀይሬ ብሸኝዎት ከሦስት አራት ዝናብ በኋላ ይመለሱ ነበር» አለኝ። እኔ ለዚህ ልጅ ምስጋና የምጽፈው ስለዚያች ጠብታ ነው።

አሁን የራሴን ሞኝነት ልናገር። ብር ላድን ብዬ በኢንተርኔት በ45 ዶላር ሞጁል ገዛሁ። መልኩ አንድ፣ መሰኪያው አንድ። ይዤለት ስሄድ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር አየና መለሰልኝ። «መሰኪያው ይገባል። ግን ይኼ የወጣበት መኪና በሩ በእጅ የሚቆለፍ ነው፤ የእርስዎ በኤሌክትሪክ።» ያ ሞጁል አሁን ቤቴ የወረቀት መጫኛ ነው። ልትገዙ ከሆነ የአሮጌውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በመልክ አትመኑ። እሱ ራሱ ቁጥሩ የሚገጥመውን ከጃንክያርድ (አሮጌ መኪና እየፈታ ዕቃውን ከሚሸጥ ቦታ) በ60 ዶላር አገኘልኝ።

ያገለገለ ሞጁል ነቅሎ መሰካት ብቻ አይበቃም፤ የወጣበትን መኪና ማንነት ይዞ ነው የሚመጣው። ባትሪው ላይ ቻርጀር ሰክቶ (መሐል ላይ ኃይል ቢወርድ ሥራው ይበላሻል) ቴክ ቱ በሚባለው የጄኔራል ሞተርስ መመርመሪያ የኔን መኪና ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ አስገባበት፣ ምን ምን ዕቃ እንዳላትም ነገረው። ጨርሶ ቁልፉን ሰጠኝ። አዞርኩት። ሞተሩ ተነሣ፣ ሁለት ሰከንድ ሳይቆይ ጠፋ። ልቤም አብሮት ጠፋ። እሱ ሳቀ። «ዘበኛው አዲስ ነው፣ ገና ከቁልፉ ጋር አልተዋወቁም» አለ።

ትውውቁ እንዲህ ነው፦ ቁልፉን ታዞሩና ትተዋላችሁ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሴኩሪቲ ምልክቱ 10 ደቂቃ ያህል በርቶ ይጠፋል። ታጠፋላችሁ፣ ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ እንደገና። ሦስት ጊዜ። 30 ደቂቃ ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ተግባረ ዕድ መማሩን፣ ከዚያ በፊት ግን ሽቦ የለመደው በአጎቱ ኤንትሬ፣ በድሮው የፊያት ጭነት መኪና ላይ መሆኑን ያጫወተኝ ያኔ ነው። «የኤንትሬ ሽቦ በጣት ይቆጠራል ጋሼ፤ የቱ የት እንደሚሄድ ካላወቅክ አጎቴ ፕላየር አያስነካህም ነበር።» ሦስተኛው ዙር አልቆ ቁልፉን ሳዞር ተነሣች። አልጠፋችም። ወርጄ በሩን ስከፍት ሬዲዮው ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም።

ሂሳቡ ሞጁሉን፣ ሥራውንና የመስታወቱን ማዕዘን መድፈኑን ጨምሮ 360 ዶላር ሆነ። አሮጌውን ሞጁል በላስቲክ አድርጎ ከደረሰኙ ጋር ሰጠኝ። መጀመሪያ የጣልኩት ባትሪም ደህና ሳይሆን እንደማይቀር ሲነግረኝ ባይነግረኝ ይሻል ነበር። ስወጣ ደግሞ «ኤሚሽን መቼ ነው የሚደርስዎት?» አለኝ፤ የጭስ ምርመራውን ማለቱ ነው። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ የሞተሩ ኮምፒውተር ራሱን እንደገና መፈተሽ ስላለበት፣ ጥቂት ቀን ከተማም ሀይዌይም ሳትነዱ ከሄዳችሁ ምርመራው ይመልሳችኋል። በሚቀጥለው ሳምንት ልወስዳት ነበር።

ጉድለቱንም ላልደብቅ። ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ቀጠሮ ካልያዛችሁ አታገኙትም። ዘይት አይቀይርም፣ ፍሬን አይሠራም፣ ኤሌክትሪክ ብቻ። ቀን ስልክ አያነሣም፤ መልእክት ጽፋችሁ ተዉለት፣ ማታ ይደውላል። ስትጽፉለት መኪናዋ ምን እንደምታደርግና መቼ እንደምታደርግ አስረዱት፤ «ብቻ አትነሣም» ካላችሁት መልሶ ሃያ ጥያቄ ይጠይቃችኋል።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ለምኖኛል፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ሰባት ሳምንት ሆነ፣ በመሐል ሁለት ጊዜ በረዶ ጥሏል፤ ሰኞ ማለዳ በአንድ ቁልፍ ትነሣለች። ለፍጥነት መለኪያው ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ቀጥሮኛል።