በዲሽ ገመድ የተዘረጋ የቤት ኢንተርኔት፦ የሞካ አዳፕተር ግምገማ

ለገጣፎ በሚገኘው ባለ አንድ ፎቅ ቤታችን ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ስለተቀመጠ፣ ዋይፋዩ የኮንክሪቱን ሶሌታ አልፎ ልጆቹ ወደሚያጠኑበት ክፍል ሲደርስ እጅግ ይዳከም ነበር። ግድግዳ ከመብሳት ይልቅ፣ ቤቱ ሲሠራ ለዲሽ ተብሎ የተቀበረውን ኮአክሲያል ገመድ ለመጠቀም ወስኜ ኢንተርኔትን በዚህ ዓይነት ገመድ የሚያስተላልፉ ሁለት ሞካ 2.5 አዳፕተሮች ገዛሁ፤ አንዱን ከራውተሩ፣ ሌላውን ፎቅ ላይ ካለው ኮምፒዩተር ጋር አገናኘሁ።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዲሹ ጋር ነው። ሞካ ከ1125 እስከ 1675 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ስለሚሠራ፣ ከኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ሆኖ የሳተላይቱን ሲግናል ከሚቀበለው ዕቃ) ከሚወርደው ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ሲግናል ጋር ይጋጫል፤ ሪሲቨሩ ወደ ላይ የሚልከው 13 ወይም 18 ቮልትም አዳፕተሩን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ዲሹ የማይጠቀምበትን ትርፍ መስመር ለይቼ ሠራሁበት። መጀመሪያ አልገናኝ ብሎኝ የገመዱን ጫፍ ፈትቼ ስመለከት፣ ከሽቦው ጥልፍ አንዲት ቀጭን ክር የመሐሉን መዳብ ነክታ አገኘኋት፤ ቆርጬ መልሼ ሳስረው የአዳፕተሩ የግንኙነት መብራት ወዲያው በራ።

አሁን የልጄ የቪዲዮ ትምህርት አይቆራረጥም፤ በዚህም ከልብ ረክቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ሁለቱም አዳፕተሮች ኃይል ስለሚፈልጉ፣ ለራውተሩ ብቻ ባትሪ ማዘጋጀት አይበቃም።