የአናሳ ብሔረሰቦችን መብት የሚመረምሩ ባለሙያዎች አገልግሎት
እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ ላይ የዋለውን የአውሮፓ ምክር ቤት (ከአውሮፓ ኅብረት የተለየ የአገሮች ድርጅት) የአናሳ ብሔረሰቦች ጥበቃ ማዕቀፍ ስምምነት የሚከታተለው፣ 18 ገለልተኛ ባለሙያዎች ያሉት አማካሪ ኮሚቴ የሚሰጠው አገልግሎት ከልብ የሚመሰገን ነው። አገሮች በየአምስት ዓመቱ ሪፖርት ሲያቀርቡ ኮሚቴው በወረቀቱ ብቻ አይረካም፤ አገሩ ድረስ ሄዶ ባለሥልጣናቱንም አናሳዎቹንም ያነጋግራል። እኔ በተለይ የምወድለት ሕጉ መንገድ ላይ መውረድ አለመውረዱን መጠየቁን ነው፤ አንቀጽ 11 አናሳዎች በብዛት ከጥንት ጀምሮ በሚኖሩበት አካባቢ የቦታና የመንገድ ስሞች፣ በቂ ፍላጎት ካለ፣ በቋንቋቸውም እንዲጻፉ አገሮች እንዲጥሩ ስለሚል፣ የሰሌዳው ጉዳይ ራሱ ይመረመራል። ጉድለቱ ከባድ ነው፦ አስተያየቱ እንደ ፍርድ አያስገድድም፤ መብቱ የተነካ ግለሰብም በስምምነቱ መሠረት አቤቱታ የሚያቀርብበት በር የለውም።