ፔኒሴተም ሣርና የፍራንጂፓኒ ዛፍ፦ ችላ ሲባሉ የትኛው ይሻላል?

ለአትክልት ቦታው ተክል የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርደው ተክሉ በተገዛበት ዕለት ባለው መልክ ነው። ፔኒሴተም የሚባለውን ጌጠኛ ሣርና ፍራንጂፓኒ ወይም ፕሉሜሪያ በመባል የሚታወቀውን የሐሩር አካባቢ ዛፍ ጎን ለጎን ተክዬ፣ ደረቁንም ዝናባማውንም ወቅት ከተከታተልኳቸው በኋላ ግን ሁለቱን የሚለየው ጥያቄ ሌላ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ይኸውም ባለቤታቸው ለረጅም ጊዜ ዞር ብሎ ሳያያቸው ሲቀር ምን ይሆናሉ የሚለው ነው።

የሣሩ ትልቁ ብርታት ፍጥነቱ ነው። ፔኒሴተም እንደ በቆሎና እንደ ማሽላ ሁሉ ሲ-4 በሚባለው የብርሃን አስተፃምሮ መንገድ የሚያድግ በመሆኑ በሙቀትና በጠራራ ፀሐይ ይበረታል እንጂ አይዝልም። ትንሽ ችግኝ ሆኖ የገባው ሣር በአንድ የእድገት ወቅት ውስጥ 1 ሜትር ገደማ ቁመትና የዚያኑ ያህል ስፋት ይይዛል። ጠባብ ቅጠሎቹ ከመሀል ወደ ውጭ ይጎነበሳሉ፤ ከመካከላቸውም ለስላሳ ጠጉር የለበሱ ዛላዎች ይወጡና ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይወዛወዛሉ። ባዶ የነበረ መሬት በጥቂት ወራት ውስጥ የታሰበበት አትክልት የሚመስለው በዚህ ሣር ምክንያት ነው፤ በዚህ ረገድ ዛፉ ከቶ አይወዳደረውም። ሥር ከሰደደ በኋላ ውሃ የሚፈልገው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ማዳበሪያም እምብዛም አያሻውም። እንዲያውም ናይትሮጂን የበዛበት ሣር ቅጠሉ ለምልሞ ይረዝምና ጠንከር ያለ ዝናብ ሲመጣ መሀሉ ተከፍቶ ይተኛል።

እኔ የተከልኩት ወይን ጠጅ ቀለም ያለውንና ሩብረም በሚል ስም የሚሸጠውን ዓይነት ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኙት እግሮች ጥቁር ቀይ ቀለማቸውን እንደጠበቁ ሲቆዩ፣ ከግድግዳ ጥግ ጥላ የሚያርፍባቸው ግን እየቆዩ ወደ አረንጓዴ አዘንብለዋል፤ ዛላቸውም ቀንሷል። ስለዚህ ከፊል ጥላ ላለው ቦታ ይህን ሣር የሚገዛ ሰው የከፈለበትን ቀለም አያገኝም።

ሣሩ ችላ ሲባል ግን ጠባዩ ይለወጣል። እንደ ዛፍ ቅጠል አርጅቶ መሬት ላይ አይወድቅም፤ የደረቀው ቅጠል እዚያው ሥሩ ላይ ይከማቻል። ካልተቆረጠም አዲሱ ቡቃያ በአሮጌው ገለባ ታፍኖ ይወጣል፣ የተክሉም ግማሽ የለመለመ ግማሽ የሞተ ይመስላል። በመሆኑም በዓመት አንድ ጊዜ፣ አዲሱ እድገት ከመጀመሩ በፊት፣ ከመሬት በላይ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀርቶ ሁሉንም ማጨድ ግድ ይላል። ሥራው ከባድ ባይሆንም ቀኑ ካለፈ አረንጓዴው ጫፍ ከደረቁ ጋር አብሮ ስለሚቆረጥ መልሶ ለማገገም ጊዜ ይወስዳል። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ የእግሩ መሀል እየተመለጠ ዳር ዳሩ ብቻ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ነቅሎና ከፋፍሎ እንደገና መትከል ያስፈልጋል። የተከማቸው ገለባ በደረቅ ወቅት በቀላሉ የሚቀጣጠል መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ ከቤት ግድግዳና ከእንጨት አጥር አጠገብ መትከሉን አልወደውም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የዘሩ ጉዳይ ነው። አረንጓዴው ዓይነት፣ ማለትም መነሻው ሰሜንና ምሥራቅ አፍሪካ እንዲሁም የዓረብ ምድር የሆነው ሴታሲየም፣ ያለ ርክበ ብናኝ ዘር ማፍራት የሚችል በመሆኑ አንድ እግር ብቻ ተተክሎ እንኳ ይራባል። ቀላሉን ዘር ነፋስ፣ ውሃ፣ የእንስሳት ጠጉርና የተሽከርካሪ ጎማ ወስደው ያሰራጩታል፤ አፈር ውስጥም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በጌጥነት ተወስዶ ሃዋይንና አሪዞናን ከመውረሩም በላይ፣ በሄደበት ሁሉ ለሰደድ እሳት ማገዶ እየሆነ ነባር እፅዋትን ያስለቅቃል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2017 በወራሪ መጤ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ግን የሚበቅል ዘር እምብዛም አይሰጥም፤ የሚራባውም ሥሩን በመክፈል ነው። እስካሁን በዙሪያው አንድም የራሱን ቡቃያ አላየሁም። አረንጓዴውን ግን ለማንም አልመክርም፤ ተወላጅ ባልሆነበት አገር ደግሞ ጭራሽ።

ፍራንጂፓኒ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። መነሻው ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካና የካሪቢያን ደሴቶች ሲሆን፣ የሚራባው በአብዛኛው ከቅርንጫፍ በሚቆረጥ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ቁራጭ ነው። ቁራጩ ወዲያው አይተከልም፤ የተቆረጠበት ጫፍ ደርቆ እንዲጠግግ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ አለዚያ ውሃ ሲነካው ይበሰብሳል። ከተተከለም በኋላ ለብዙ ጊዜ መሬት ላይ እንደተሰካ ዱላ ሆኖ ይቆያል። እንግዳ የመጣ ሁሉ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል፣ ከጎኑ ያለው ሣር ግን ሦስት ጊዜ ዛላ አውጥቶ ነበር።

ደረቁ ወቅት ሲገባ ዛፉ ቅጠሉን በሙሉ ያራግፋል። ይህ የጤና እንጂ የሞት ምልክት አይደለም፤ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ቅርንጫፉን ጫን ብሎ ይዳስሰው፤ ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው፣ ከለሰለሰና ከተሸበሸበ ግን ብስባሴ ገብቶበታል። ብዙዎች ዛፉን የሚገድሉት በዚሁ ጊዜ ነው፤ ቅጠሉ ሲረግፍ የጠማው መስሏቸው ያጠጡታል። ወፍራሙ ግንድ ውሃ አከማችቶ ስለሚይዝ፣ በዕረፍቱ ወቅት ባለቤቱ የሚያደርግለት ምርጥ ነገር ቢኖር አለመንካት ነው። እዚህ ላይ ነው ዛፉ ሣሩን የሚበልጠው፤ ችላ መባል ለሣሩ ጉዳት ሲሆን ለፍራንጂፓኒ የግማሽ ዓመት እንክብካቤው ነው።

አበባው ሲመጣ የተጠበቀበትን ጊዜ ይክሳል። አምስት ወፍራም ቅጠል ያለው፣ መሀሉ ቢጫ የሆነው አበባ መዓዛው በቀን ደከም ብሎ ሲመሽ ይበረታል፤ ምክንያቱም የሚጠራቸው በሌሊት የሚበሩትን ትልልቅ የእሳት እራቶች ነው። የሚገርመው አበባው ወለላ የለውም፤ እራቶቹ በመዓዛው ተታለው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞሩ ብናኙን በነጻ ያጓጉዙለታል። አበባ ያወጣ ጫፍ ከዚያ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ይከፈላል፤ ስለዚህ ዛፉ ያለ መግረዝ በራሱ ጊዜ የጃንጥላ ቅርጽ እየያዘ ይሄዳል። ሥሩም ኃይለኛ ስላልሆነ ለንጣፍ ድንጋይ አያሰጋም።

ነውር ግን አለው። የትኛውም ክፍሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳን ያሳክካል፣ ዓይንን ያቃጥላል፣ ቢበላም ይጎዳል፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ከመግዛት በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ቅርንጫፎቹ ተሰባሪ ናቸው። በእርጥብ ወራትም የቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፤ ይህ የፍራንጂፓኒ ዋግ ነው። ዛፉን ባይገድለውም ቅጠሉን ያለጊዜው ያረግፋል። እኔ መድኃኒት ሳልረጭ የረገፈውን ለቅሜ በማስወገድና ውሃውን ቅጠሉን ሳይነካ ከሥር ብቻ በማጠጣት አልፌዋለሁ። ውርጭ የሚጥልበት ቦታ ግን ለዛፉም ለወይን ጠጁ ሣርም አይሆንም፤ እዚያ ያለው ምርጫ በዕቃ ተክሎ በብርድ ወቅት ወደ ቤት ማስገባት ነው።

ቦታ ኖሮኝ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ፍራንጂፓኒውን እመርጣለሁ፤ በቅርቡ ሊለቀው በሚችል የኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ግን ሣሩን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚተክል ሰው ሣሩን ከግንዱ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ያርቀው፤ በዕረፍት ላይ ያለው ዛፍ ለሣሩ ተብሎ በሚፈስ ውሃ ሥሩ እንዳይበሰብስ ነው። ሲገዛም ከዘር የበቀለ ሳይሆን አበባው ከታወቀ ዛፍ የተቆረጠ ፍራንጂፓኒ ይጠይቅ፤ ከዘር የበቀለው ለማበብ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፣ ቀለሙም የእናቱን ላይመስል ይችላል።