አራት የጫካ ቢላዎች ጎን ለጎን፦ ገንዘባችሁ የቱ ላይ ይዋል?

አዲስ የጫካ ቢላ ሲወጣ ማስታወቂያው ሁሌም የብረቱን ስም ያስቀድማል። ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ስም ነው፤ ገዢው ምንነቱን ባያውቅም ይማረክበታል። ከዚያ ዋጋው ይከተላል፤ ብዙ ሰውም እዚያው ላይ ይወስናል። እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ የስለቱን ቅርጽና ውፍረት አያለሁ፣ ቀጥሎ እጀታውን፣ ከዚያ ብረቱን። ዋጋው መጨረሻ ይመጣል።

ለመመዘኛ እንዲሆኑን አራት የታወቁ ቢላዎች እንያዝ፦ ሞራ ኮምፓኒየን፣ ሞራ ጋርበርግ፣ ኢኤስኢኢ 4 እና ፌልክኒቨን ኤፍ1። አዲስ የመጣ ቢላ ዓይናችሁን ከሳበው ከእነዚህ አጠገብ አስቀምጡትና እዩት።

ስለትና ውፍረት

በስለት ርዝመት አራቱም ይቀራረባሉ። አጭሩ ኤፍ1 ሲሆን 10 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ረጅሙ ኢኤስኢኢ 4 ደግሞ 11 ተኩል ገደማ ነው። ለጫካ ሥራ ልኩ ይሄ ነው። ከዚህ በጣም ከረዘመ ለጥቃቅን ሥራ አይታዘዝም። በጣም ካጠረ ደግሞ ፍልጥ አያወጣም።

ዋናው ልዩነት ውፍረቱ ላይ ነው። የማይዝገው ኮምፓኒየን 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጋርበርግ 3.2፣ ኤፍ1 4.5፣ ኢኤስኢኢ 4 ደግሞ 4.8 ገደማ። ወረቀት ላይ ሲታይ ኢምንት ይመስላል። ግን የብረት አልታጠፍ ባይነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አይራመድም፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን እሱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት ከ2.5 ወደ 3.2 መሻገር ብቻውን አልታጠፍ ባይነቱን እጥፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ጋርበርግ ቀጭን እየመሰለ ጀርባውን በዱላ እየመቱ እንጨት ሲፈልጡበት ንቅንቅ የማይለው።

ታዲያ ለምን በጣም ወፍራም አንገዛም? ወፍራም ቢላ መቁረጥ ስለሚያቅተው ነው። ቤከር ቢኬ2 የሚባለው 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱም ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል። አድናቂዎቹ ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን የለሁበትም። ያን ያህል ክብደት ከተሸከማችሁ ትንሽ መጥረቢያ ብትይዙ ይሻላል።

የስለቱ አወራረድም ይለያያል። ሁለቱ ሞራዎች ስካንዲ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ከጎናቸው የሚጀምረው ተዳፋት ቀጥ ብሎ ስለቱ ድረስ ይወርዳል። እንጨት ለመጥረብና ቀጭን ፍቅፋቂ ለማውጣት ከዚህ የሚሻል አላውቅም። ሲዶለዱምም ችግር የለም። ተዳፋቱን የመሳያ ድንጋዩ ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ ትገፋላችሁ፤ ማዕዘኑን ቢላው ራሱ ይነግራችኋል። ኢኤስኢኢ 4 ከጀርባው ጀምሮ እየሳሳ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወፍራም ቢሆንም ሥጋና አትክልት ሲከትፉበት አይጨናነቅም። ግን ሲሳል ማዕዘኑን የሚጠብቅ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ኤፍ1 ጎኑ ወጣ ብሎ የከበበ ነው፤ ስለቱ ዱላ ይችላል፣ አሳሳሉ ግን ጀማሪን ያስመርራል።

እጀታው ውስጥ ያለው ነገር

የብረቱ ጭራ እጀታው ውስጥ እስከ የት ይገባል? ኮምፓኒየን ላይ መጨረሻው አይደርስም። ለመጥረብና ለመላጥ ይበቃል፤ ጉጥ ያለበት ግንድ ላይ በዱላ መውቀጥ ግን አይመከርም። የሌሎቹ ሦስቱ ጭራ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ሞራ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋርበርግን ያወጣውም ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው ማለት ይቻላል።

አያያዙ ላይ ግን ርካሹ ያሸንፋል። የኮምፓኒየን ጎማ ቀመስ እጀታ እርጥብ እጅም ላይ አይንሸራተትም። የጋርበርግ ፕላስቲክ ደረቅ ነው፣ ውሃ ሲነካው ትንሽ ያሳስባል። የኢኤስኢኢ 4 እጀታ በብሎን ስለሚታሰር ሲያረጅ ይቀየራል። የኤፍ1 ግን ጭራው ላይ የተጣበቀ ስለሆነ እንደዚያ ፈትቶ መቀየር የለም።

አዲስ ቢላ ላይ ለጣቶች ጎድጎድ ያለ ማረፊያ ከተሠራ እለፉት። አንድ ዓይነት አያያዝ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቢላ በአሥር ዓይነት መንገድ ይያዛል። ጀርባው ላይ መጋዝ የተሠራለትም ያው ነው። መጋዙ እንጨት አይቆርጥም፣ አውራ ጣትን ግን ይቆርጣል።

ብረቱ

ኮምፓኒየን የሚታወቅበት 12ሲ27 እና የጋርበርጉ 14ሲ28ኤን የማይዝጉ የስዊድን ብረቶች ናቸው፤ ሁለተኛው ዝገት የሚከላከለው ክሮሚየም 14 በመቶ አለው። ብዙ የሚሸጠው ኢኤስኢኢ 4 የተሠራበት 1095 ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ካርቦን እንጂ ክሮሚየም የለውም። እርጥብ አፎት ውስጥ ቢያድር ስለቱ ላይ ዝገት ይታያል። ቅብ አለው፣ ግን ቅቡ ስለቱን አይሸፍንም።

ሰው 1095ን የሚወደው በቀላሉ ስለሚሳል ነው። ፋብሪካው ከ55 እስከ 57 ሮክዌል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ላይ ስለሚያጠነክረው ስለቱ ከመሸረፍ ይልቅ መታጠፍ ይቀናዋል፤ የታጠፈ ስለት ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ይቃናል። ኤፍ1 እ.ኤ.አ. በ1995 የስዊድን አየር ኃይል አብራሪዎች ቢላ ሆኖ የተመረጠ ነው። ለዓመታት የተሸጠበት ቪጂ10 የሚባል ብረት ወደ 59 ሮክዌል ይደርሳል፤ ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያል፣ ሲደነዝዝ ግን መሳያውን ያደክማል።

ብልጭታን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ባልጩት መትታችሁ እሳት ማውጣት ከፈለጋችሁ የሚዝገው ብረት ያስፈልጋችኋል። ሲፋቅ ብልጭታ ለሚሰጠው ፌሮ ዘንግ ግን የብረቱ ዓይነት ለውጥ አያመጣም፤ የሚፋቅበት የጀርባው ጠርዝ ስል መሆን አለበት። የጋርበርግ ጀርባ ለዚሁ ተብሎ በቀጥታ ማዕዘን ተሞርዷል። ቅብ ያለው የኢኤስኢኢ ጀርባ ግን ቅቡ ካልተነሳ አይሆንም።

የብረት ስም ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። ያው አንድ ብረት በስንት ዲግሪ ጋለ፣ እንዴት ቀዘቀዘ፣ በኋላስ እንዴት ለዘበ የሚለው ነው ቢላውን ቢላ የሚያደርገው። ስለዚህ አዲሱ ቢላ የሮክዌል ቁጥሩ ካልተጻፈ ጠይቁ። ከ56 እስከ 60 ያለው ለጫካ ጥሩ ነው። «የቀዶ ሕክምና ብረት» የሚል ጽሑፍ ምንም የሚነግራችሁ ነገር የለም። «440» ብቻ ብሎ ፊደሉን የተወም አይታመንም፤ 440ኤ እና 440ሲ በካርቦን መጠን በጣም ይራራቃሉ። በርካሽ ቢላዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ዲ2 የሚባለው ብረት ነው። ስለቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ስስ ሆኖ ከተሳለ ግን ደረቅ እንጨት ወይም አጥንት ሲያገኘው ይሸረፋል።

ዋጋው

እንደየሻጩ ቢለያይም ጋርበርግ የኮምፓኒየንን አራት አምስት እጥፍ ያስወጣል። ኢኤስኢኢ 4 ከዚያ ከፍ ይላል፤ ኤፍ1 ከሁሉም ይወደዳል። ለዚህ ሁሉ ጭማሪ የተሻለ የሚቆርጥ ቢላ ታገኛላችሁ? አታገኙም። እንጨት መጥረብ ላይ ኮምፓኒየን ከሦስቱም አያንስም። ጭማሪው የሚገዛላችሁ ሙሉ ጭራ፣ ውፍረትና ዕድሜ ነው። በኢኤስኢኢ በኩል ደግሞ ቢላው ቢሰበር ያለ ብዙ ጥያቄ የሚተካ የዕድሜ ልክ ዋስትና አለ።

ጀማሪ ከሆናችሁ ኮምፓኒየን ግዙ፣ በተረፈው የመሳያ ድንጋይና ትንሽ መጋዝ ጨምሩ። እንጨት በቢላ የመፍለጥ ልማድ ካላችሁ ጋርበርግ። ባሕር ዳር ወይም ዝናብ በማያባራበት ቦታ የምትውሉ፣ ገንዘቡም የማይከብዳችሁ፣ ኤፍ1 ይሁንላችሁ። ኢኤስኢኢ 4 ዘይት መቀባት ለማይሰለቸው፣ መሣሪያውን ለማይምር ሰው ነው። አዲሱ ቢላ በጋርበርግ ዋጋ መጥቶ ጭራው አጭር ከሆነ ወይም ሮክዌሉ ከተደበቀ ዋጋው አይገባውም።

የገዛችሁት ሲደርስ ከአፎቱ አውጡትና ስለቱን ከጫፍ ወደ እጀታ በብርሃን ተመልከቱ። ጎበጥ ያለ፣ ወይም ተዳፋቱ በአንድ ጎን የሰፋ ከሆነ እንጨት ሳታስነኩ መልሱት፤ አንዴ ከሠራችሁበት በኋላ ሻጩ ላይቀበላችሁ ይችላል።