ደብረ ብርሃን ለሚያርፍ እንግዳ፦ ጣርማ በር፣ አንኮበር ወይስ ጓሳ?

ሰሜን ሸዋን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ጣርማ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ከገደሉ ጫፍ ፎቶ ይነሣል፤ ደብረ ሲና ወርዶም ቆሎ ገዝቶ በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። የአካባቢው ሰው እንደመሆኔ ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ዝቅተኛውን ነጥብ እሰጣለሁ። ጣርማ በር ውብ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራውን በስተው የሠሩት የመኪና ዋሻም መታየት ይገባዋል። ነገር ግን ጉሙ ሲወርድ አሽከርካሪዎች በቀትር መብራት አብርተው የሚያልፉበት ቦታ በመሆኑ፣ ለገደሉ ብቻ የመጣ እንግዳ ቆሎውን ይዞ ገደሉን ሳያይ ሊመለስ ይችላል።

የተሻለው አማራጭ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ በምትገኘው፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በቆረቆሯት ደብረ ብርሃን አድሮ በማግሥቱ ማልዶ መነሣት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለባት በዚህች ከተማ አንድ ማረፊያ ቤት ለእንግዶቼ አንዲት ስስ አንሶላ ብቻ አንጥፎ ስለጠበቃቸው፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት አልጋውን ገልጦ ማየት ይበጃል።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አንኮበር፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የምኒልክ መናገሻ ነበረች። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የቀድሞውን አሠራር ተከትሎ ሎጅ ታንጾ ነበር። አቀበቱ ጉልበት ይፈትናል፤ አዛውንት ይዞ የሚሄድ ሰው ጊዜ ሰጥቶ፣ በየመሐሉ እያሳረፈ ሊያወጣቸው ይገባል። ከላይ ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ ደጋው በአንድ ጊዜ ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ይታያል፤ በዚያ ቁልቁለት የምትገኘው አልዩ አምባ፣ ከታጁራ የባሕር ወደብ ተነሥተው በረሃውን አቋርጠው የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ግመላቸውን የሚያራግፉባት ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ለመዋዋል፣ በ1887 ደግሞ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ የመጡት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ይህን ሳያውቁ ኮረብታውን የሚወጡ ሰዎች «እይታው ጥሩ ነው» ብለው ብቻ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ታሪኩን የሚያውቅ የአገሬው ሰው ይዞ መውጣት የሚከፈልበትን ያህል ያወጣል።

ጓሳ ግን ሌላ ነው። በመንዝ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ የተንጣለለው ይህ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሣር ምድር፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በነዋሪው ሕግ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር እንዲያገግም መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በጋራ ስምምነት ይከፈት ነበር፤ ዛሬም ጥበቃው በማኅበረሰቡ እጅ ነው። የጓሳን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ለማየት መሮጥ አያስፈልግም። በጥቂት ርቀት ላይ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት ወንዱ ሣሩን በሁለት እጁ እየነጨ፣ ሳይነሣ በቂጡ እየተንፏቀቀ ሲግጥ በግልጽ ይታያል፤ ሲመሽም መንጋው ለማደር ወደ ገደሉ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮ ለማየት ግን ዕድልና ማለዳ መነሣት ያስፈልጋል፤ «እርግጠኛ ነኝ፣ አሳያችኋለሁ» የሚል አስጎብኚ ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ነው። የማኅበረሰቡ ሎጅ ቅንጦት ለሚሻ ሰው አይሆንም፤ ውርጭ ለሚችልና ወፍራም ልብስ ለያዘ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ማደሪያ በአካባቢው አላውቅም።

አንድ ቀን ብቻ ላለው አንኮበርን፣ ሁለት ሌሊት ማደር ለሚችል ደግሞ ያለማመንታት ጓሳን እመክራለሁ። ክረምቱ ጭቃና ጉም የሚበዛበት ስለሆነ፣ ሰማዩ የሚጠራበትና የገብሱ ማሳ የሚያምርበት ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚሄድ ሰው የፍስክ ምግብ የሚፈልግ ከሆነ ቀድሞ ደውሎ ይዘዝ፤ በዚያው ስልክም የመንገዱን ደኅንነት ይጠይቅ።