ለዋናተኛ የመጀመሪያ ሩጫ፦ የጣና ዳርቻ ወይስ የቤዛዊት ዳገት?

ከዋና ወደ ሩጫ የሚመጣ ሰው ልቡና ሳንባው ዝግጁ ናቸው፤ አጥንቱና ጅማቱ ግን ገና ጀማሪ ናቸው። ውኃ የሰውነትን ክብደት ይሸከማል፤ በሩጫ ግን እግር መሬት ባረፈ ቁጥር ከክብደታችን ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ ጫና ይቀበላል። ባሕር ዳር ላይ መነሻ ስንመርጥ መመዘን ያለበት ይህ ነው።

የሐይቁ ዳርቻ ሜዳ ነው፤ ማለዳ ላይ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ዛፉም ጥላ የሚሰጥ ነው። አደጋው ፍጥነት ነው። ዋናተኛ ትንፋሹ ስለማያጥረው ሳያስበው ይፈጥናል፤ ሳንባው ምንም ሳይሰማው ቅልጥሙ መታመም ይጀምራል። ስለዚህ ልኩ ትንፋሽ ሳይሆን ሰዓት ይሁን፦ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ በድምሩ ከ20 ደቂቃ ሳያልፍ። ከተነጠፈው መንገድ ጎን አፈር ካለ አፈሩ ይሻላል።

የቤዛዊት ዳገት በተቃራኒው ራሱ ፍጥነትን ይገታል። ሽቅብ ሲሮጥ የእግር ምቱ ይለዝባል፤ ከላይ ዓባይን ማየትም ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ባትና የተረከዝ ጅማት በኃይል ይወጠራሉ፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ጉልበትን ይጎዳል። ለዋናተኛ እግር ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይበዛበታል።

እኔ ያለማመንታት ዳርቻውን እመርጣለሁ፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በመካከሉ ዋናውን ሳይተዉ። ቤዛዊት ከሁለት ወር በኋላ ይምጣ፤ ያኔም ሽቅቡን በሶምሶማ፣ ቁልቁለቱን በእርምጃ።