የ50 ኪሎ ዩሪያ፦ ጆንያው ላይ የተጻፈው 46 ልክ ነው ወይ?

ዘንድሮ ለአባቴ በቆሎ ሁለት ጆንያ ዩሪያ ማዳበሪያ ገዛሁ። አባቴ ጆንያውን ገልበጥ አድርጎ አየና «ይቺ 46 የምትል ምንድን ናት?» አለኝ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ለሌላ ሰው ልጆች በሰሌዳ ላይ የማሰላውን ነገር ለእሱ አንድ ቀን እንኳን ነግሬው አላውቅም። ቆጨኝ።

እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን በእስክርቢቶ ጻፍኩለት። ዩሪያ አንድ ካርቦን፣ አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን አለው። በአቶም ክብደት ሲሰላ 12፣ 16፣ 28 እና 4 ነው፤ ድምሩ 60። ከ60 ውስጥ 28ቱ ናይትሮጅን ነው። 28ን ለ60 አካፍሎ በ100 ማባዛት ነው፤ 46.67 በመቶ ይመጣል። ጆንያው 46 ያለው ጥቂት እርጥበትና በፋብሪካ የሚፈጠር ባዩሬት የሚባል ነገር ስለሚኖርበት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እውነተኛ ነው።

በአንድ ጆንያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። «የቀረውስ 27 ኪሎ?» አለ አባቴ። ናይትሮጅኑን ተሸክሞ የመጣው ነው አልኩት። ኤንፒኤስ የሚባለው ሌላው ማዳበሪያ ናይትሮጅኑ 19 በመቶ ነው፤ ያው 50 ኪሎ ጆንያ 9 ኪሎ ተኩል ብቻ ይይዛል። እርግጥ ኤንፒኤስ ፎስፈረስና ድኝም አለው፤ ሥራቸው ለየቅል ነው። ለናይትሮጅን ከሆነ ግን ከተለመዱት የጆንያ ማዳበሪያዎች ዩሪያን የሚያህል የለም።

ዕቃው ራሱ ጥሩ ነው። ፍሬው ነጭ፣ ክብ፣ ደረቅ፤ እጅ ላይ አይጣበቅም። አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ ጨምሬ አማሰልኩት። ሙልጭ ብሎ ሟሟ፣ ከሥር ምንም አልቀረም። ብርጭቆው ወዲያው ቀዘቀዘ። አባቴ በሁለት እጁ ይዞት ዝም ብሎ ቆየ። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት ስለሚስብ እንዲህ ያደርጋል፤ እናንተም ሞክሩት።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በጆንያው ነው። ስፌቱ ልል ነው፣ የውስጡ ላስቲክም ስስ። እርጥበት ከገባበት ደግሞ ፍሬው እንደ ድንጋይ ይጋገራል። አምና ከአንድ ነጋዴ የገዛነው ስፌቱ ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ ነበር፤ ሚዛን ላይ ስናወጣው 47 ኪሎ ሆነ። የጎደለው 3 ኪሎ ወደ 1.4 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ስፌቱን ሳታዩ፣ ሳታስመዝኑ አትክፈሉ።

ደግሞ መሬት ላይ በትናችሁ አትተዉት። አፈር ካልለበሰ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ በአየር ይሄዳል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በትኖ ነው የሚሄደው። ዘንድሮ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገን፣ እሱ እየቆፈረ፣ እኔ እየጨመርኩ፣ እናቴ በእግሯ አፈር እየመለሰች ጨረስነው።